ለእናቴ እንሰት የቆፈርኩት ጉድጓድ

ከሶዶ ስነሳ

ጉድጓዱን ቆፍሬ ነው ከቤት የወጣሁት። በጓሮዬ፣ አጥሩ ጥግ፣ ለእናቴ እንሰት።

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ግንዱ ቀላ ያለ እንሰቷ ግን ጉኑኖ ገጠር፣ እህቴ አማረች በምትኖርበት የእናታችን ጓሮ ውስጥ ቆሞ ነበር። ባለፈው ሳምንት አማረች ደወለችልኝ።

"ኢሻ፣ እየደረቀ ነው። ሳያልቅ መጥተህ አንድ ችግኝ ውሰድ። ከጎረቤት ያለው ከእኛ ቀድሞ አልቋል።"

ኢሻ በእኛ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው። እሷ እንዲህ የምትጠራኝ ሲጨንቃት ብቻ ነው። ባዶ ጆንያ አጣጥፌ መናኸሪያ ሄድኩ።

ዳሞታ ተራራ ጭጋግ ውስጥ ነበር። ታሪፉ ሚኒባሱ መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ ረዳቱ የሚጠራው ግን ሌላ ሂሳብ ነው።

"ማንበብ እችላለሁ እኮ" አልኩት።

"እንግዲያው ይውረዱና በወረቀቱ ይሂዱ፣ አባባ!"

ከፈልኩ። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው፤ መታለሌን በጽሑፍ ለማየት።

መንገድ ላይ

ከጎልማሶች ትምህርት ያገኘሁት ስለ ነፍሳት የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ አለኝ። ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ አፍሬበት አላውቅም። አጠገቤ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ነጋዴ ነበረች።

"ምን እያልጎመጎምክ ነው ወንድሜ? ለእኛም አሰማን እንጂ።"

"ዝንብ የምትቀምሰው በእግሯ ነው ይላል።"

"ውይ! ታዲያ ቅቤዬን ስትቀምስ ነው የምትውለው በለኛ!"

ሚኒባሱ ሳቀ። ቀጠልኩ፤ የወባ ትንኝም የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት አልኩ።

"እኔስ አውቅ ነበር!" አለ ረዳቱ ከበሩ።

"ለእንቁላሏ ደም ስለሚያስፈልጋት ነው ይላል።"

"አየህ?" አለችው ነጋዴዋ። "ለልጆቿ ስትል ነዋ! ወንዱ ምን ቸገረው?"

ቀጥሎ የጉንዳን ገጽ መጣ። ጉንዳን የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ታናናሽ ነፍሳትን እንደ ከብት ታረባለች፤ ከጠላት ትጠብቃቸዋለች፣ ወደ ጥሩ ግጦሽ ተሸክማ ትወስዳቸዋለች፣ ከእነሱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ትጠጣለች ይላል።

"እኔ ቅቤ ገዝቼ ነው የምነግደው" አለች ሴትዮዋ። "ጉንዳን እንኳ ላም አላት!"

እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ።

ጉኑኖ

ከከተማው በሞተር፣ ከዚያ በእግር። መንገዱ ዳር ስኳር ድንች አለ፣ ጎዳሬ አለ፣ በቆሎውም ደህና ነው። ኩርባውን እንደዞርኩ የአማረች ቤት ከሩቅ ታየኝ። ቆምኩ። ያ ቤት ከመንገድ ታይቶ አያውቅም፤ እንሰቱ ይጋርደው ነበር። አሁን ልብሱን እንደገፈፉት ሽማግሌ ሜዳ ላይ ቆሟል።

አማረች ደጅ ላይ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከስታለች። ከጎኗ የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ ቆማለች፤ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ባለሙያዋ አንዱን እንሰት ይዛ ሳብ ስታደርገው እንደ ሽንኩርት ተነቀለ። ሥሩ አልቋል። በቀረው ላይ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ነጫጭ ነፍሳት ተጣብቀዋል። በመካከላቸው ጉንዳኖች ይራወጣሉ። አንዷ ነጩን ነገር በአፏ ይዛ ወደ ሌላው እንሰት ስትሄድ አየኋት።

"እነዚህ ናቸው የሚያዛምቱት፣ እማማ" አለች ባለሙያዋ።

"ጉንዳን?" አለች አማረች። "እናታችን እኮ አትርገጧቸው፣ ሠራተኞች ናቸው ትለን ነበር።"

መጽሐፉ ትዝ አለኝ። ላሞቿን ወደ ግጦሽ እየወሰደች ነው። ግጦሹ የእናቴ ጓሮ ነው።

ሁሉም ይነቀልና ፀሐይ ይመታው ተባለ። ከመሃል አንዲት ችግኝ ብቻ ጠንካራ ሆና ተገኘች። "አፈሩን አጥባችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጓት፤ ከዚያ ንጹሕ መሬት ላይ መትከል ይቻላል" አለች ባለሙያዋ። አጥሩን ካለፈች በኋላም ዞራ ጮኸች፤ "ነከር አድርጎ ወዲያው ማውጣት ነው!"

ውሃው ፈላ። ችግኟን የያዘችው አማረች ናት።

"በቃ፣ አውጪያት" አልኩ።

"ቆይ፣ ነጭ ነገር ይታየኛል።"

"አማረች፣ አውጪያት!"

"አንድ ከተረፈ ያንተንም ጓሮ ይጨርሰዋል። ቆይ አልኩህ!"

ስታወጣት የተቀቀለ አሚቾ፣ ለምግብ የሚሆነው የእንሰት ሥር፣ ሸተተኝ። አማረች ሥሯን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷ ገባ።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። "በገዛ እጄ ቀቀልኳት።"

ማጽናናት አልችልበትም። "ከጉንዳኖቹ ይልቅ አንቺ ፈጠንሽ" አልኳት።

"ያንተ አፍ!" አለች። ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ሲወጣላት ተነስታ ችግኟን መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተቻት፤ ሥሩ እስኪበስል ጠበቀች። አውጥታ ላጠችውና በእንሰት ቅጠል ጠቀለለችው።

"ከእናታችን ቤት ባዶ እጁን የሄደ የለም። ውሰድ፣ ብላው።"

ቤቴ

ስመለስ ጥቅልሉ በጆንያው ውስጥ ጭኔን ያሞቀኝ ነበር። ቤቴ ደርሼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩና ፈታሁት። አንድ ጊዜ እንደገመጥኩ አማረች ደወለች።

"በላኸው?"

"እየበላሁ ነው።"

"እንዴት ነው?"

ገና ለጋ ችግኝ ነበረች። ክር ክር ይላል፣ ይመራል።

"ልክ የእናታችን ነው" አልኳት።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለችና ዘጋችው።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርኩ? መጽሐፉ ጉንዳን ከብቶቿን ትንከባከባለች ይላል፤ እውነቱን ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ክፋት የላትም። አማረችም ችግኟን የፈላ ውሃ ውስጥ ይዛ የቆየችው ስለምትሳሳላት ነው። በሁለቱ መካከል የእናቴ እንሰት አለቀ። የምቆጣው ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይሄ ከባድ ነው።

ፍርፋሪው ላይ አንዲት ጉንዳን መጣች። አልረገጥኳትም። የቀረውን ጨርሼ በላሁ። ጉድጓዱን እስካሁን አልደፈንኩትም።