ካርቶን ውስጥ ያለችው ታማሚ

ሐረገወይን ሰው አታምንም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ባሕር ማዶ ከምትኖርበት ከስቶን ማውንቴን ከተማ እየተነሣች ሕመምተኞችን ወደ ዲያሊሲስና ወደ ዓይን ሐኪም ስታመላልስ፣ የተሳፋሪውን ስም ሳትጠይቅ፣ ቀበቶውንም በገዛ እጇ ሳትፈትሽ ሞተር አስነሥታ አታውቅም። ሾፌሮቹ «ጥላዋንም አይዲ ትጠይቃለች» ይሏታል።

በአንድ የጥር ማለዳ ስምሪት የምትሰጠው ቲጂ ቴክስት አደረገችላት። ቲጂ አማርኛን የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «ኤሊ ናት። ከትንሹ ኤርፖርት ወደ ማሪዬታ። እንዳትሞትብን» ይላል ሲነበብ። ሐረገወይን ኤሊ የሚባሉ ስንት ወንድ ፈረንጆች አመላልሳለች፤ ሴት መሆኗ ብቻ ትንሽ ከነከናት። ዊልቸሩን አውጥታ ጠበቀች።

ከትንሿ አውሮፕላን የወረደው ፓይለት ግን የደገፈው ሰው የለም። ጎኑ የተበሳሳ የሙዝ ካርቶን ታቅፏል።

«ታማሚዋስ?» አለችው በእንግሊዝኛ።

«ይቺው። መኪናው ይሙቅ። ካርቶኑን አትክፈቺ፣ ሬዲዮ አትክፈቺ፣ አታውሪ።» አስፈርሟት እየሮጠ ተመለሰ።

ምን ዓይነት ሰው ነው ካርቶን የሚበቃው? ሕፃን? ደግሞስ ዝምታው ለምን? ዝም በይ የሚል ሰው የሚደብቀው አለው። ካርቶኑን የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስራ ነዳች።

አውራ ጎዳናው ላይ ከኋላዋ የትንፋሽ ድምፅ ሰማች፤ ደረጃ የወጣ ሽማግሌ የሚተነፍሰው ዓይነት፣ ረጅም። ከዚያ ጸጥ። ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ጸጥ። ሕፃን ከሆነ ታፍኗል። ዳር ይዛ ቆመች፣ የኋላውን በር ከፈተች፣ ካርቶኑ የታሸገበትን ፕላስተር ቦጨቀች።

እርጥብ ፎጣ ላይ ሰፌድ የምታህል የባሕር ኤሊ ተኝታለች። ድንጋይ ልብሷን የጀልባ ሞተር ስለት ሰንጥቆታል። ዓይኖቿ እንባ ያቀረሩ ይመስላሉ።

ሐረገወይን ስልኳን አወጣች። «ቲጂ፣ ኤሊ ማለትሽ ኤሊ ነው እንዴ?»

«እና ምን መሰለሽ፣ እትዬ ሐረግ?»

«ሰው ነዋ። ዊልቸር ይዤ ነው የጠበቅኋት።»

ቲጂ በሳቅ ፈረሰች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ተቋረጠ። «ቆይ፣ ከፈትሽው እንዳትዪኝ። ብርድ ይገድላታል ብለውኛል፣ ላይክ፣ ሲሪየስሊ።»

ኤሊዋ አትተነፍስም። ሐረገወይን ከጎኗ ገብታ በሩን ዘጋች፤ የራሷንም ትንፋሽ ይዛ ጠበቀች። ጥርጣሬዬ ገደላት አለች በልቧ። በመጨረሻ ያቺ የተሸበሸበች አንገት ቀና አለች፤ አፍንጫዋ ተከፍቶ ያ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፣ ባሕር ከሩቅ የመጣ ይመስል።

ማሪዬታ ስትደርስ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ተቀበለቻት፤ ስለተቦጨቀው ፕላስተር የጠየቃት አልነበረም። ሲሰጠኝም እንዲሁ ነበር ብትል ማን ያውቃል።

«ከፍቼዋለሁ» አለች። «የመኪናው በርም ክፍት ነበር።»

ሐኪሟ የኤሊዋን ሙቀት ለካች። «ሁለት ዲግሪ ወርዳለች። ትተርፋለች ብዬ አስባለሁ።»

አስባለሁ የሚል ሐኪም ሐረገወይንን አያሳምናትም። ቀጣዩን ሕመምተኛ ለሌላ ሾፌር እንድትሰጥ ለቲጂ ደውላ ተቀመጠች። ራጅ ተነሣ፣ ስንጥቁ ታጠበ፣ ታሸገ። ቀትር ሲሆን ሐኪሟ ጠራቻት።

ኤሊዋ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ውስጥ ዝም ብላ ተንሳፍፋለች። ከዚያ ቀኝ ክንፏ ተነቃነቀ፣ ግራው ተከተለ፤ እስከ ግድግዳው ዋኝታ ዞረች።

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ወደ ሐረገወይን ዞረች።

«አንዴማ ማንም ይዋኛል» አለች ሐረገወይን፤ ወንበሯንም ወደ ገንዳው አስጠጋች።