የተሰፋው ገል

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤት ሲሠራ አንቺ ገል ትለቅሚያለሽ? ጤናም የለሽ እንዴ?» አለኝ አጎቴ ፊት ለፊቴ ቆሞ።

ቀራንዮ ያለውን የአያቶቼን ጭቃ ቤት አፍርሶ የፎቅ መሠረት እያስቆፈረ ነበር። እኔ ከሰው ቁመት በላይ የጠለቀው ጉድጓድ ውስጥ በአራት እግሬ ነኝ፤ ሱሪዬ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እውነቱን ነው፣ ጤነኛ አልመስልም።

ገል ብርቅ አይደለም። ሰፈራችን የትም ብትቆፍሩ የጀበና አንገት፣ የድስት ጆሮ አይጠፋም። እኔ ግን አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ባጣሁ ጊዜ ቤቴል ለምትኖር የጥንት ዕቃ አጥኚ ከቁፋሮ የመጣ ገል ሳጥብ ከርሜያለሁ። ዓይኔ ያኔ ተበላሸ፤ ገል አይቶ ማለፍ አይችልም። ይኼኛው ወፍራም ነው፣ የተሰበረበት መሀሉ ከሰል ይመስላል፣ ጀርባው በማበጠሪያ እንደተጫረ ተሰምሯል። በዙሪያው ባለው አፈር የተፈለጠ ባልጩት እንጂ ብረት የሚባል የለም። ደግሞ ቀዳዳ አለው።

«የጎጆ ጉልላት ነዋ!» አለ አጎቴ። «ድሮ ጣሪያ ጫፍ ላይ ገል ይደፋ ነበር። ቀዳዳው ለእንጨቱ ነው።»

ያስኬዳል። ግን የጉልላት ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ መሀል ላይ ነው። የዚህ ከምስር አይበልጥም፣ ያለውም ስብራቱ ጠርዝ ላይ ነው። አፈሩን ጠርጌ ሳየው ከውጭ ሰፋ፣ ወደ ውስጥ ጠበብ ይላል። እርጥብ ጭቃ በእንጨት ቢወጋ እንዲህ አይወጣም። እሳት ከበላው በኋላ ነው የተቦረቦረው።

ሌላ ቀዳዳ ያለው ስባሪ አንስቼ ከዚያኛው ጋር አፍ ለአፍ ገጠምኩት። ልክክ! ቀዳዳዎቹ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ተያዩ።

ጮህኩ። ቆፋሪው አካፋውን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

«እባብ ነው?»

«ተሰፍቷል! ማሰሮው ሲሰነጠቅበት ሰውዬው በባልጩት በስቶ በጠፍር ሰፍቶታል!»

«ሰውዬው ብለሽ ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለ አጎቴ። «ደግሞስ የተሰፋ ማሰሮ ውሃ አያፈስም?»

«እህል ያስቀምጥበታላ!» አልኩት።

ፎቶ አንስቼ ለአጥኚዋ ላክሁ። ወዲያው ደወለች።

«አፈሩ ውስጥ የቀረ አለ?»

«አለ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ይታየኛል።»

«እንዳትነኪው! ብረት ከመምጣቱ በፊት የነበሩ ሰዎች ሥራ ሊሆን ይችላል። ያለበትን አፈር ሳላይ ግን ምንም ማለት አልችልም። እዚያ ውስጥ ለውስጥ መንገዱን አላውቀውም፣ መጥተሽ ውሰጂኝ።»

አጎቴ ሰምቷል። «ኮንክሪቱ አሁን ይሞላል! መንግሥት ሰምቶ ግቢዬን በገመድ እንዲያጥርልኝ ነው?»

«ጋሼ፣ አንዴ አይታው ትሂድ። ደርሼ እስክመጣ ብቻ ይታገሡኝ።»

«አንድ ደቂቃ አልታገሥም! ውጪ ከዚህ!» ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ሚክሰሩን አስነሡት!»

ወጣሁ። ሚክሰሩ በሩ ጋ ቆሟል። ሞተሩን በእጅ አዙረው የሚያስነሡበት ማኑቬላ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። ሹራቤን አውልቄ ጠቀለልኩበትና፣ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።