ለትርሲት ግቢ ያልታሰበው የእንጦጦ ድንጋይ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከየካ ቤቴ የወጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ የትርሲትን ግቢ የሚያስንቅ ድንጋይ ለማግኘት። ትርሲት አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ባለፈው ክረምት ግቢዋን ነጭ ጠጠር አልብሳ፣ መረገጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድራ፣ ጭቃ የሚባል ነገር ረሳች። እኔ በዚያው ዝናብ ከቤቴ እስከ አጥሬ በር በቦት ጫማ ስዳክር ከረምኩ።

በማኅበራችን ቀን ሴቶቹ ሁሉ ግቢዋን ሲያደንቁ አንጀቴ አረረ። «መቃብር ይመስላል» አልኩ፣ ሰው እየሰማኝ። ትርሲት ባሏን ከቀበረች ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ደግሞ የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግቢ ማሳመር ቀለለኝ።

ሁለት ሰዓት፣ መገናኛ

ከታክሲ ተራው ወረድ ብሎ አንዲት ሴት ጃንጥላ ዘርግታ ችግኝና ጠጠር ትሸጣለች። ነጩ በከረጢት አራት መቶ ብር፣ ቀዩ ረከስ ይላል።

«ከሥሩ ላስቲክ ካላነጠፍሽ ሣሩ ይበላዋል፣ የኔ እናት» አለችኝ። «የካ አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ ዲዛይኑን ራሷ ነው ያወጣችው። ሄደሽ ብታዪው!»

«አይቼዋለሁ» አልኩና ሳልገዛ ሄድኩ። እዚህም ቀድማኛለች።

አምስት ሰዓት፣ እንጦጦ

በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ ታክሲ እየቀያየርኩ ዳገቱን ወጣሁ። ከፓርኩ ድንጋይ ማንሳት ነውር ስለሆነ አልፌው፣ በባሕር ዛፉ መሀል ወደ ጀርባው ወረድኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋሽ ቱሉ የሚባሉ ገበሬ ከገብስ ማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ ዳር ላይ ከምረውታል። ከክምሩ አንዱ ዓይኔን ያዘው፤ ግራጫ ሆኖ ጀርባው ላይ ቢጫ የድንጋይ ሽበት አለው።

«ለምንሽ ነው?» አሉኝ።

«ለግቢ ጌጥ።»

ሳቁብኝ። «እኛ ከማሳ ለማውጣት ወገባችን ተቆረጠ፣ እናንተ ወደ ቤት ታስገቡታላችሁ! ውሰጂው ልጄ፣ አንድ ቀነስሽልኝ። ግን ሲሶውን ቅበሪው። ካልተቀበረ የተጣለ ነው የሚመስለው።»

ምክራቸውን እንደ ወርቅ ያዝኩት። ይህንን ትርሲት አታውቅም።

አስር ሰዓት፣ የካ

የታክሲው ረዳት ለድንጋዩ የአንድ ሰው ሂሳብ አስከፈለኝ። ታክሲው ሰፈራችን ውስጥ ስለማይገባ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አጥፌ ድንጋዩን ተሸከምኩት። አቀርቅሬ፣ እያለከለክሁ ቅያሱን ወጣሁ። ቀና ስል ትርሲት ከሁለት የማኅበር ሴቶች ጋር በሯ ላይ ቆማለች።

በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ሰው ደጅ የቆመ፣ ለምን መጣህ አይባልም። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።

«ፀዳለ! በማርያም፣ አውርጂው!» ብላ እየሮጠች መጣች። «ይቅር ብዬሻለሁ! ኧረ ይቅር ብዬሻለሁ!» ድንጋዩን ከትከሻዬ ስትቀበለኝ ታለቅስ ነበር።

«ለአንቺ አይደለም» ማለት ይቻል ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ፊቷን አየሁትና መሬት ላይ ተንበረከክሁ።

«መቃብር ያልኩት ቀንቼ ነው» አልኳት።

አቅፋ አነሳችኝ። «ይሄ ድንጋይ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው» ብላ ይዛው ገባች።

ማታውኑ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ጠጠሯ ላይ እንዲሁ አስቀምጣዋለች፤ ጋሽ ቱሉ እንዳሉት የተጣለ ይመስላል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ለሦስት ቀን ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን ግን ትርሲት ጎንበስ ብላ በጨርቅ ስትወለውለው ሳይ ዶማዬን ይዤ በሯን አንኳኳሁ።

«ሲሶው ይቀበራል» አልኳት።

ላስቲኩን ቀደን አብረን ቆፈርን። ነጩን ጠጠር ዙሪያውን ስንመልሰው እዚያው የበቀለ መሰለ።

እሁድ ማኅበርተኞቹ የእኔን አፈር ግቢ ረግጠው ገቡ፤ ጠበሉን ቀምሰው ሲወጡ ግን ሁሉም ትርሲት በር ላይ ቆሙ። «ይሄን የመሰለ ድንጋይ ከየት አገኘሽ?» አሏት።

«ፀዳለ ናት ከእንጦጦ ተሸክማ ያመጣችልኝ» አለች።

አሁንም አንጀቴ አረረ። ያም ሆኖ ቀድሜ ገባሁና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ትርሲትም ጠጋ በይልኝ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።