ሳህን የያዙት ሽማግሌ

ሚዛን ከተማ ውስጥ አነጋገሩንና አካሄዱን አስመስዬ ያላሳቅኩበት ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸውን ማስመሰልማ በጣም ነው የምችልበት። ጡረታ ሲወጡ የተሸለሙትን፣ በብር የተለበጠ ሳህን ብብታቸው ስር ይዘው ይዞራሉ። «ሃ!» ብለው ይተነፍሱበትና በኮታቸው እጅጌ ይወለውሉታል፤ እኔም እንዲሁ ሳደርግ ሰው ይስቃል።

ዛሬ መራመድ ሲያቅታቸው በባጃጄ ሆስፒታል ወሰድኳቸው፤ ደግፌያቸው ገባሁ።

«አባቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አላቸው ዶክተሩ።

ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር ሲያቅታቸው ሳህኑን ሰጡት። የተቀረጸውን ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ለሃያ ስምንት ዓመት የወባ ትንኝ ማጥፊያ ኬሚካል በመርጨት ላገለገሉ።»

«ሲረጩ አፍዎን በምን ይሸፍኑ ነበር?»

«በ... ሻሽ።»

ዶክተሩ ደረታቸውን አዳመጠና ሳህኑን መለሰላቸው። ሽማግሌው ተቀበሉትና «ሃ!» አሉበት። ትንፋሻቸው ሳህኑን እንኳ አላደበዘዘውም። እሳቸው ግን ወለወሉት።