ለሹሩባ ያልደረሰ ፀጉር

እዚህ ስዊድን፣ ቬሊንግቢ ሰፈር በማጸዳው ፀጉር ቤት፣ የመቁረጫ ማሽኑ ዘይት በሸተተኝ ቁጥር መጥረጊያዬን ይዤ ጥርሴን እነክሳለሁ። የአባባ ማሽንም እንዲሁ ይሸት ነበር።

ወላጆቻችን ሲፋቱ እኔ አሥራ አራት፣ ታናሼ ሊያ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር፤ አንድ ሳምንት ቮርቢ ጎርድ ሰፈር እማዬ ጋ፣ አንድ ሳምንት ሮግስቬድ ሰፈር አባባ ጋ እንኖር ነበር። ሊያ ስትወለድ ወንድ ተብላ ክርስትና ተነሥታለች፤ አፍ ከፈታች ጀምሮ ግን ሴት ነኝ ማለቷን አልተወችም። እማዬ መጀመሪያ አለቀሰች፣ በኋላ ቀሚስ ገዛችላት። አባባ ልጄን ያበላሸችው እሷ ናት አለ።

ቮርቢ ጎርድ ስንሆን ሊያ ጉልበቴ መካከል ተቀምጣ ሹሩባ እንድሠራላት ትለምነኛለች፤ ፀጉሯ አጭር ስለሆነ ከጣቴ ያመልጣል፤ እንዲረዝምላት በማበጠሪያ ስትጎትተው እንስቃለን፣ በሚቀጥለው ይደርሳል እላታለሁ። እሑድ ሮግስቬድ ስንደርስ ግን አባባ ጃኬታችንን ሳናወልቅ መታጠቢያ ቤት ወንበር አስቀምጦ ይጠብቀናል። ማሽኑ ሲጮህ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

እማዬ ሊያን ብቻዋን ለማሳደግ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ሽማግሌዎችም ሊያስታርቁ መጡ። ሊያን አንዲት ቃል የጠየቃት የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ተማሪ ሆነው ስዊድን መጥተው መሐንዲስ የሆኑት ጋሽ ኃይሉ፣ እኔን ለብቻ ጠሩኝ።

«የቤታችሁን ጉዳይ ለሶሻል ሴትዮ ብትነግሪ ሁለታችሁንም ከወላጆቻችሁ ይወስዷችኋል፣ ልጄ።»

እንደሳቸው የተማረ ሰው ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። የልጆችን ጉዳይ እንድታጣራ ፍርድ ቤት የላካት ሴትዮ መጥታ ሊያ አባቷ ጋ እንዴት ናት ስትለኝ፣ ምንጣፉን እያየሁ «ደህና ናት» አልኩ።

ያቺ ቃል ተጽፋ ፍርድ ቤት ደረሰች፤ ሳምንቶቹም እንደነበሩ ቀጠሉ። እማዬ ወረቀቱን አንብባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሊያ ግን በስዊድንኛ «አንቺ ነሽ ያልሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ጉልበቴ መካከል ተቀምጣ አታውቅም፤ እኔም ትምህርቱ አልገባ አለኝና ከዘጠነኛ ክፍል አላለፍኩም።

ሊያ አሁን ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ባለፈው ሰሞን እማዬ ፎቶዋን አሳየችኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሽ ኃይሉ እንደ ልማዳቸው ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው «ወንድምሽስ ደህና ነው?» አሉኝ። ሁልጊዜ ጎንበስ ብዬ ነበር የማልፋቸው።

«እህቴ ናት፣ ጋሼ» አልኳቸው ቀና ብዬ። «ሹሩባዋ ወገቧ ደርሷል። የሠራላት ግን ሌላ ሰው ነው።»