ጋሽ ሙሄዲን ያቀዱት አዳር

ጋሽ ሙሄዲን ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የክር ፋብሪካ የሠሩ ሰው ናቸው። ማሽኑ ግራ ጆሯቸውን ወስዶታል፤ ስለዚህ ሰላምታቸው ሳይቀር ጩኸት ነው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሚጮኹት ደግሞ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሐርቡ በላይ ተራራው ጫፍ ላይ ወዳለው ጥንታዊ መስጊድ ሄዶ አንድ ሌሊት ስለማደር።

ነገሩ ስለት ነው። ልጃቸው ሀፊዝ በሦስት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ «ይህ ልጅ ከተረፈልኝ ይዤው ወጥቼ እዚያ አድራለሁ» ብለው ተሳሉ። ልጁ ተረፈ። ፈረቃው ግን አልለቀቃቸውም፤ ቀጥሎ ሚስታቸው ታማ ሞተች፣ ቀጥሎ ጦርነት መጣ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሀፊዝ ዛሬ ዊዳድን አግብቶ ኢስራ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለችው። የሚነዳው ሚኒባስም የራሱ ነው።

እኔ ፋኢዛ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ እቅዱን ሲነግሩኝ ሰምቻለሁ። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጽፈውታል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሳንጣደፍ መነሳት፣ ሐርቡ ላይ ቁርስ፣ መኪናው ከሚቆምበት ወዲያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። ለጉልበታቸው ብለው ከመስጊዱ አገልጋይ ጋር በስልክ ተጯጩኸው በቅሎ አስዘጋጅተዋል። ማታ ዱዓ፣ እዚያው አዳር፣ በነጋታው ምሳ በልቶ ቀስ ብሎ መውረድ። «ፊሽካ የለ፣ አለቃ የለ! ዘና ብለን ነው!» ይሉኛል። ዕድሜ ልካቸውን በፋብሪካ ፊሽካ ሲነሱና ሲተኙ የኖሩ ሰው፣ ዘና ማለትን እንደ ሠርግ ነበር የደገሱት።

በዋዜማው ዊዳድ ጠራችኝ።

«ፋኢዛ፣ አንቺም ትሄጃለሽ። አንድ ቦታ አለ።»

«መኪናው በዘመድ ሞልቷል አላላችሁም እንዴ?»

«አባባ ይቀራሉ። በየመቶ ሜትሩ ሊያርፉ፣ ሌሊት ሦስቴ ሊነሱ! እኛ ዘና ልንል ነው እንጂ ሽማግሌ ልንጦር ነው እንዴ?»

ሀፊዝ ጎማ እያየ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም። «ዛሬ እንዳትነግሩት። ጠዋት ዱዓ ካደረገልን በኋላ እኔ እነግረዋለሁ» አለ።

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ዱዓ ሳያደርግ መንገድ አይጀመርም። ሽማግሌውን አልፈለጓቸውም፤ ምርቃታቸውን ግን ፈለጉት። ወላሂ፣ ያን ምሽት በራቸውን አንኳኩቼ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ቦታውን ፈልጌው ነበር።

ጠዋት ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ለመስጊዱ የገዙትን አዲስ ሰሌን በብብታቸው ይዘው ወጡ። እኛ ገብተን ተቀምጠናል። የመኪናው በር ላይ ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልን! በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሰን! ስለታችንን ይቀበለን!» ጩኸታቸው ሰፈሩን ቀሰቀሰው። እኛም እየተቀባበልን «አሚን» አልን። ከዚያ አንድ እግራቸውን አንስተው ሊሳፈሩ ሲሉ ሀፊዝ ክንዳቸውን ያዘ።

«አባ፣ አንተ ብትቀር ይሻልሃል። ተራራው ይጎዳሃል።»

«በቅሎ አለኝ እኮ!»

«በቅሎዋ ዕቃ ትጫናለች። ስለቱን እኛ እናደርስልሃለን።»

«አድራለሁ ብዬ የተሳልኩት እኔ ነኝ! እንዴት አድርገህ ታድርልኛለህ?»

ዊዳድ ጣልቃ ገባች። «አባባ፣ ኧረ ጎረቤት ሰማ፤ ምነው እርስዎ!»

እሳቸውም ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዩ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። ሰሌኑን በመስኮት አሾልከው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ሀፊዝ ሞተሩን አስነሳና መልሶ አጠፋው። የአባቱ ዝምታ አስፈራው። አባቱ ቅር ብሎት ማን መንገድ ይወጣል?

«አባ፣ ቅር እያለህማ አንሄድም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። አንዴ ደግመህ መርቀኝ።»

ያን ጊዜ ሀፊዝን ጠላሁት። ግን እኔም አልወረድኩም።

ሽማግሌው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እናቷ ጭን ላይ የተቀመጠችውን ኢስራን አዩ። መዳፋቸውን ዘረጉ። ካወቅኋቸው ጀምሮ ድምፃቸው ዝግ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አላህ ኢስራን ያሳድግልህ። አንተ ለኔ የሆንከውን እሷም ላንተ ትሁንልህ።»

ምርቃት ሲሰማ አፋችን ከልባችን ይቀድማል። «አሚን!» አልን፤ ዊዳድም፣ እኔም፣ ሀፊዝ ራሱም። ከሁላችን በላይ የጮኸችው ኢስራ ነበረች። ምን እንደተባለ የገባን ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ሙሄዲን በመዳፋቸው ፊታቸውን አብሰው ወደ ግቢ ተመለሱ። እያነከሱ ሲገቡ ማንም አልተጣራም። ሀፊዝ ቁልፉን እንደጨበጠ ቀረ፤ አንገቱ ላይ ላብ ወርዶ አየሁ።

«አባዬ» አለችው ኢስራ፣ እንዲያመሰግናት እየጠበቀች፣ «ጮክ ብዬ አሚን አልኩልህ እኮ።»