ዘይት የጠጣው ፍሪሲዮን

ታላቅ ወንድሜን ይቅር አላልኩትም፤ የምልም አይመስለኝም።

እናታችን ቶንጎ ከተማ፣ እሱ ዘንድ ትኖር ነበር። አንድ ዓይኗ በዓይን ግፊት በሽታ ጠፍቶ ሁለተኛውም እየደከመ ነበር። የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ እኔ ወዳለሁበት አሶሳ ለጥቂት ቀን እንደሚመጡ ስሰማ ተራ አስያዝኩላት፤ የደረሳት የመጨረሻው ቀን ነው። አመጣታለሁ ያለው እሱ ነው፤ መኪና ገዝቷላ።

መኪናው ሁለት ፍሪሲዮን ያለው አውቶማቲክ ነው፤ አንዱ ለጎዶሎ ቁጥር ማርሾች፣ ሌላው ለሙሉ ቁጥሮቹ። እኔ የምነዳው የመሥሪያ ቤት መኪናም እንደዚያው ነው፤ ግን የኔዎቹ ዘይት ውስጥ ተነክረው ስለሚዞሩ ዘይቱ ሙቀታቸውን ይወስድላቸዋል። የእሱዎቹ ደረቅ ናቸው። ቀለል ይላሉ፣ ነዳጅም ይቆጥባሉ፤ የሚያቀዘቅዛቸው ግን አየር ብቻ ስለሆነ ዳገት ላይ መንፏቀቅ ያቃጥላቸዋል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አስረድቼዋለሁ። ዳገት ላይ ስትቆም ፍሬን ያዝ፣ ነዳጅ እየረገጥክ በፍሪሲዮኑ አታንጠልጥለው ብዬዋለሁ። እሱ ግን በአሮጌ የጭነት መኪና ያደገ ሰው ነው፤ ማንጠልጠል ሹፌርነት ይመስለዋል። ከነገርኩት ሁሉ የገባው የኔ ዘይት እንዳለው፣ የእሱ እንደሌለው ብቻ ነው።

በዋዜማው፣ ከሞተሩና ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮው፣ መጋጠሚያ ባለው ቀዳዳ ፍሪሲዮኑ ላይ ዘይት ለቀቀበት። ለእናቱ አስቦ ነው ይላሉ ሰዎች። ያሰበው ለራሱ አዋቂነት ነው። ደረቅ ፍሪሲዮን ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። ገና ከቶንጎ እንደወጡ መኪናው ዳገት ላይ ቀጥ አለ። ዝናብ ስለነበር የሚያልፍ መኪና አላገኙም። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። በማግስቱ አለቃዬን ለምኜ ሄጄ ሳመጣት ሐኪሞቹ የሉም። ከዚያ በኋላ ያስያዝኩላት የአዲስ አበባው ተራ ሲደርሳት ሁለተኛውም ዓይኗ አልቆ ነበር።

ምን ነካህ አልኩት።

«ዘይት የማይቀምስ ብረት የት አገር ነው ያለው? ደግሞ ዘይት ያለው ይሻላል ያልከኝ አንተ ነህ» አለኝ።

በጥፊ ባልኩት ደስ ባለኝ፤ ታላቄ ሆኖብኝ ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው የመጣው ግን በእሷ ላይ ነው።

አሁን እኔ ዘንድ ናት። ባለፈው ማንጎ ይዞ መጣ። እሷ እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳበሰችው፣ ከስተሃል አለችው፣ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«መኪናህስ ዳነልህ ልጄ?»

«ዳነ እማዬ። አዲስ ፍሪሲዮን ገባለት።»

«ተመስገን» አለች፣ ከልቧ።

ተነስቼ ወጣሁ።